ከማቋረጫ ውጪ መንገድ መሻገር፦ ቅጣቱ ከየት እንደሚመጣና ሲመጣ ምን እንደሚደረግ

እግረኛን የሚያስቀጣው የተሻገረበት ቦታ፣ ጊዜ ወይም አኳኋን ነው። ሦስቱ በአብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞች ደንብ ለየብቻ የተጻፉ ጥፋቶች ናቸው፤ ስለዚህ በዜብራው ላይ እየሄዱም መቀጣት አለ፣ ከዜብራው ውጪ ተሻግሮም ጥፋተኛ አለመሆን አለ። ብዙ ሰው «ዜብራ ካለ በዜብራ፣ ከሌለ እንዳመቸ» የምትለውን አጭር ሕግ ብቻ ይዞ ይወጣል። ቅጣቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚህችው ክፍተት በኩል ነው።

ቦታው

ደንቡ «በአቅራቢያ ማቋረጫ ካለ በእሱ ይሻገሩ» ሲል አቅራቢያውን በሜትር ይለካዋል። ልኩ ከአገር አገር ይለያያል፦ በሆንግ ኮንግ 15 ሜትር፣ በአውስትራሊያ 20 ሜትር፣ በፈረንሳይና በሲንጋፖር 50 ሜትር ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ማቋረጫ እያለ በሌላ ቦታ የተሻገረ ሰው፣ መንገዱ ጭር ያለ ቢሆንም ደንብ ተላልፏል። የአዋቂ ሰው እርምጃ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 15 ሜትር ወደ 21፣ 20 ሜትር ወደ 29፣ 50 ሜትር ደግሞ ወደ 71 እርምጃ ይሆናል። 71 እርምጃ በተግባር ሲራመዱት ከሚገምቱት በላይ ይረዝማል። «ሩቅ ነው» ብለው የተዉት ማቋረጫ በሕጉ ዓይን አጠገብዎ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ርቀቱ የሚቆጠረው በግራም በቀኝም ነው። ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ብቻ አይተው «የለም» ብለው የሚሻገሩ ሰዎች ከኋላቸው በ30 ሜትር ላይ ያለውን ዜብራ አያዩትም። ሌላው የሚረሳው ነገር ደግሞ ከላይ የሚያልፈው የእግረኛ ድልድይና የመሬት ውስጥ መሸጋገሪያ በብዙ ቦታ እንደ ማቋረጫ የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። ደረጃ መውጣት ሰልችቶት ከድልድዩ ሥር የተሻገረ ሰው ለደንብ አስከባሪ ከሁሉ የቀለለ ዓሣ ነው፤ ድልድዩ እላዩ ላይ ቆሞ ይመሰክርበታል። የመንገድ አካፋይ ላይ አጥር ከተተከለ ደግሞ ሜትር መቁጠርም አያስፈልግም፤ አጥሩ ራሱ ክልከላ ነው፣ መዝለሉም በብዙ ደንብ ለብቻው ጥፋት ነው።

ከዜብራው መስመር ሁለት ሦስት ሜትር ወጣ ብሎ ማዕዘኑን ቆርጦ መሄድም ያው ነው። ብዙ ሰው «ዜብራው አጠገብ ስለሆንኩ ምንም አይደለም» ይላል። ነገር ግን አሽከርካሪ የሚቆመው ከዜብራው በፊት ባለው የመቆሚያ መስመር ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ የወጣ እግረኛ መኪና ይቆምበታል ተብሎ በሚጠበቀው ቦታ ላይ ሳይሆን መኪናው ሊንቀሳቀስ በሚችልበት ቦታ ላይ ነው ያለው።

በተቃራኒው፣ ቀለም ያልተቀባበት ቦታ ሁሉ ማቋረጫ አይደለም ማለት አይቻልም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ መሠረት የእግረኛ መንገዶች በሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ቀለም ባይኖርም ማቋረጫ እንዳለ ይቆጠራል። ክልከላው ጠንከር የሚለው መብራት ባላቸው ሁለት ተከታታይ መስቀለኛ መንገዶች መካከል መሻገር ላይ ነው።

ጊዜው

ቀይ ሰው ሲበራ መሻገር እንደማይቻል ሁሉም ያውቃል። የሚያሳስተው ብልጭ ድርግም የሚለው ምልክት ነው። በአብዛኛው ቦታ ትርጉሙ «የጀመርክ ጨርስ፣ ያልጀመርክ አትጀምር» ነው። ሰከንድ እየቆጠረ የሚወርደው ቁጥርም የተሠራው መንገዱ ውስጥ ላሉት እንጂ ጠርዝ ላይ ለቆሙት አይደለም። ቁጥሩ 9 እያለ ሮጦ የገባ ሰው፣ በ9 ሰከንድ ቢጨርስም እንኳ፣ በብዙ ከተማ ደንብ ጥፋቱን የፈጸመው እግሩ አስፋልቱን ሲረግጥ ነው።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ መሠረት የእግረኛው ማጠናቀቂያ ጊዜ የሚሰላው በሰከንድ 1.07 ሜትር በሚራመድ ሰው ነው። እያንዳንዱ ረድፍ 3.5 ሜትር የሆነ ባለአራት ረድፍ መንገድ 14 ሜትር ይሰፋል፤ 14 ለ1.07 ሲካፈል 13 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚራመድ አዛውንት ግን ይኸው መንገድ 17 ሰከንድ ተኩል ይፈልጋል። በጭንቅላት ለመያዝ ቀላሉ መንገድ ለአንድ ረድፍ 3 ሰከንድ ከግማሽ ማሰብ ነው። ልጅ የያዘ፣ ሻንጣ የሚጎትት ወይም እግሩን የሚያመው ሰው 5 ሰከንድ ያስብ። አዛውንቱ አረንጓዴው ሰው እንደበራ ወዲያው ከገቡ የአረንጓዴው ሰከንዶችም ስለሚጨመሩላቸው ይደርሳሉ። አረንጓዴው ከበራ ቆይቶ ለደረሰ አረጋዊ ግን ቀጣዩን መጠበቅ ነው የሚሻለው።

ብዙዎችን ሳያስቡት ጥፋተኛ የሚያደርጉ ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው ቁልፍ ያለው መብራት ነው። አንዳንዱ መብራት ቁልፉ ካልተጫነ ለእግረኛ አረንጓዴ አይሰጥም፤ የመኪናው መብራት አሥር ጊዜ ቢቀያየርም የእግረኛው ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ቆሞ የሰለቸ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይገባል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲጠይቀው መብራቱ በትክክል እየሠራ ነው፤ ያልሠራው እሱ ነው። አንዴ በደንብ መጫን ይበቃል፣ ደጋግሞ መነካካት አያፈጥነውም። ከተጫኑ በኋላ ሁለት ሙሉ የመኪና ዙር አልፎ አረንጓዴ ካልመጣ ብልሽት አለ ማለት ይቻላል። ያኔም ቢሆን ትክክለኛው ነገር ወደ ቀጣዩ ማቋረጫ መሄድ ወይም መኪናው ሁሉ መቆሙን አይቶ መሻገር እንጂ እንደ አረንጓዴ ቆጥሮ መግባት አይደለም።

ሁለተኛው በመንገዱ መካከል ደሴት ያለበት ባለሁለት ደረጃ ማቋረጫ ነው። እዚህ ሁለት መብራቶች አሉ፤ አንዱ እስከ ደሴቱ፣ ሌላው ከደሴቱ ወዲያ። አረንጓዴ የሆነው ማዶ ያለው መብራት ሲሆን ቅርብ ያለውን ቀይ ሳያዩ የሚገቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሁልጊዜ መታየት ያለበት ለሚረግጡት ግማሽ የተተከለው መብራት ነው። ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው እንደ አዲስ ይዩ።

የትራፊክ ፖሊስ ቆሞ በእጁ የሚያሳልፍ ከሆነ መብራቱ ይረሳል፤ የእጁ ምልክት ይበልጣል። አረንጓዴ አይቶ ፖሊሱ «ቁም» ሲለው የገባ ሰው ይቀጣል። በሰያፍ መሻገር የሚፈቀደው ደግሞ እንደ ቶኪዮው ሺቡያ መስቀለኛ መንገድ በሁሉም አቅጣጫ መኪና በአንድ ጊዜ የሚቆምበትና መስመሩም በሰያፍ የተሠመረበት ቦታ ብቻ ነው።

ማቋረጫ በሌለበት መሻገር

ደንቡ በሚጠቅሰው ርቀት ውስጥ ምንም ማቋረጫ ከሌለ መሻገር ይፈቀዳል፤ ቅድሚያው ግን የመኪና ይሆናል። ይህ የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። በዜብራ ላይ መኪናው ይጠብቃል፣ እዚህ እግረኛው ይጠብቃል። መኪና ፍሬን እንዲይዝ ወይም መሪ እንዲያዞር ካስገደዱት፣ ባይነካዎትም ጥፋቱ ተፈጽሟል።

የሚሻገሩበትን ቦታ ሲመርጡ ከመታጠፊያ፣ ከዳገት ጫፍና ከቆሙ መኪኖች መካከል ይራቁ፤ በተለይ ከቆመ አውቶቡስ ፊት። ከአውቶቡስ ፊት የሚወጣ ሰው ለሚቀድመው መኪና የሚታየው መኪናው ረድፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። አውቶቡሱ እስኪሄድ መጠበቅ የግማሽ ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ርቀቱን እንዲህ ያስሉት። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው 7 ሜትር የሚሰፋውን ባለሁለት ረድፍ መንገድ በ6 ሰከንድ ይጨርሳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ6 ሰከንድ 83 ሜትር ይጓዛል፤ በ60 የሚሄደው ደግሞ ልክ 100 ሜትር። ስለዚህ ቅርብ ያለው መኪና ቢያንስ ከ100 ሜትር ወዲያ ካልሆነ አይግቡ። መንገዱ ባለአራት ረድፍ ሆኖ መካከሉ ላይ መቆሚያ ከሌለው ርቀቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ ያን ያህል አርቆ የመኪናን ፍጥነት በዓይን መገመት ስለማይቻል እንዲህ ያለውን መንገድ ከማቋረጫ ውጪ ባይሞክሩት ይሻላል። ቀጥ ብለው ይሻገሩ፤ ሰያፍ መንገዱን ያረዝመዋል፣ ከኋላ የሚመጣውንም ይደብቃል። ሌሊት ጥቁር የለበሰ ሰው ዝቅ ባለ የመኪና መብራት ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ነው የሚታየው፤ በ60 የሚመጣ መኪና ደግሞ አሽከርካሪው እስኪነቃና እስኪቆም 45 ሜትር ያህል ይፈልጋል። የፈጣን መንገድና የባቡር ሐዲድ በየትኛውም ስሌት አይገቡም።

ማን ይይዛል፣ እንዴት

እግረኛ የሰሌዳ ቁጥር የለውም። የመኪና ቅጣት በካሜራ በቀላሉ የሚሠራው የእግረኛ ግን የማይሠራው በዚህ ነው፤ ሰውን ለመቅጣት አስቁሞ ማንነቱን ማረጋገጥ ግድ ይላል። በቻይና ሼንዘን የፊት መለያ ካሜራ በማቋረጫዎች ላይ ተተክሎ የጥፋተኞችን ፎቶ በመንገድ ዳር ስክሪን ላይ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒንግቦ ከተማ ተመሳሳይ ካሜራ በአውቶቡስ ጎን ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ያለችን ታዋቂ የኩባንያ ኃላፊ ፊት አንብቦ ቀይ ጥሳ እንደተሻገረች መዝግቧታል። አውቶቡሱ ግን በሕጋዊ መንገዱ ላይ ነበር።

በቀረው ዓለም ቁጥጥሩ የሚካሄደው በሰው ነው፤ በአብዛኛውም በዘመቻ። መጀመሪያ ጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያና ምክር ይሰጣል፣ ቀጥሎ ቅጣት። ተቆጣጣሪዎቹ የሚቆሙት ሰው በሚበዛበት በባቡርና በአውቶቡስ ጣቢያ፣ በገበያ አካባቢ፣ በድልድይ ሥርና አደጋ በተደጋገመባቸው ቦታዎች ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ማቋረጫ ግማሽ ኪሎ ሜትር በራቀበት መንገድ ላይ ሰው መቅጣት ገንዘብ ይሰበስብ ይሆናል እንጂ የሚሻገረውን አይቀንስም። ዘመቻው ሲያልፍ እግሩ በለመደበት ይመለሳል።

አንዳንድ መንግሥታት ይህንን አይተው ሕጉን አላልተዋል። በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ከመጋቢት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊስ ሰውን በዚህ ጥፋት ብቻ ማስቆም አይችልም። በካሊፎርኒያ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ማስቆም የሚቻለው ወዲያው ግጭት ሊደርስ የሚችልበት አደገኛ ሁኔታ ሲኖር ነው። ኒውዮርክ ከተማም ከ2025 ጀምሮ ከማቋረጫ ውጪ መሻገርን ከጥፋት ዝርዝር አውጥታዋለች፤ ተሻጋሪው ግን ቅድሚያ የለውም። በብሪታንያ ደሴት ከፈጣን መንገዶች በስተቀር ጥፋቱ መጀመሪያውኑ የለም።

የቅጣቱ መጠንም እንዲሁ አንድ ዓይነት አይደለም። በፈረንሳይ 4 ዩሮ፣ በጀርመን ቀይ ለጣሰ እግረኛ 5 ዩሮ ነው፤ አደጋ ካስከተለ 10። በዚያው በጀርመን የተዘጋ የባቡር መሻገሪያን ያለፈ እግረኛ ግን 350 ዩሮ ይቀጣል። በሆንግ ኮንግ እስከ 2,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር ይደርሳል። በሲንጋፖር ፍርድ ቤት ከደረሰ እስከ 1,000 የሲንጋፖር ዶላር ወይም እስከ 3 ወር እስራት አለው፣ ለደጋሚ ደግሞ እጥፍ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቅጣቱ 400 ድርሃም ሆኖ ቆይቷል። ከመጋቢት መጨረሻ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ አደጋ ላስከተለ ሰው እስራትና ከ5,000 እስከ 10,000 ድርሃም ይደነግጋል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ መንገድ ላይ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ለሥራ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህንን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ሲያስቆሙዎት

መጀመሪያ ከአስፋልቱ ይውጡ። መንገድ መካከል ቆሞ መከራከር ሁለተኛ ጥፋት ነው፣ ትራፊክ ማደናቀፍ።

ጥፋቱ ምን እንደሆነና የት ቦታ እንደተፈጸመ ረጋ ብለው ይጠይቁ። ስምና መታወቂያ ሲጠየቁ ይስጡ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ በብዙ አገር ስምን መከልከል፣ የሐሰት ስም መስጠት ወይም መሮጥ ከመሻገሩ እጅግ የከበደ ወንጀል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። መብትዎን መጠየቅ ግን ይችላሉ፦ ሲቪል የለበሰ ሰው ካስቆመዎት መታወቂያውን ያሳይ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የሠራተኛ ቁጥሩን ይንገርዎ።

የቅጣት ወረቀቱን እዚያው ሳሉ ያንብቡ። ቀኑና ሰዓቱ፣ የመንገዱ ስም ወይም የመብራቱ ምሰሶ ቁጥር፣ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ መጠኑ፣ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን፣ አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ፣ የተቆጣጣሪው ቁጥር መኖር አለባቸው። ስም ወይም ቦታ ከተሳሳተ ወዲያው እንዲስተካከል ይጠይቁ። ፊርማ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን መቀበልን እንጂ ጥፋትን ማመንን አያመለክትም፤ ሆኖም ከፊርማው በላይ «አምኛለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሳያዩ አይፈርሙ።

በእጅ ገንዘብ የሚቀበሉ ሕጋዊ ተቆጣጣሪዎች ያሉባቸው ከተሞች አሉ፤ እዚያም ቢሆን ቁጥር ያለው የታተመ ደረሰኝ ሳይሰጥ የሚወሰድ ገንዘብ ቅጣት አይደለም። «ትንሽ ስጠኝና ልተውህ» ከተባለ ወረቀቱ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። አጭበርባሪ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በዚችው ይርቃል። በስልክ መልእክት የሚመጣ የ«ክፈል» ማስፈንጠሪያም ያው ነው፤ ክፍያውን በወረቀቱ ላይ በተጻፈው መንገድ ብቻ ይፈጽሙ።

ለመከራከር ካሰቡ ቦታውን ሳይለቁ ፎቶ ያንሱ፦ የመብራቱን ሁኔታ፣ የዜብራውን ቀለም፣ በግራና በቀኝ ያለውን መንገድ፣ የእግረኛ መንገድ የዘጋ ግንባታ ወይም የቆመ መኪና ካለ እሱን። ወደ ማቋረጫው ያለውን ርቀት በእርምጃ ቆጥረው ይጻፉ። ነገ ቀለሙ ሊታደስ፣ መብራቱ ሊጠገን ይችላል።

መክፈል ወይስ መከራከር

ከሁለቱ አንዱን በቀነ ገደቡ ውስጥ መምረጥ ነው። በብዙ ሥርዓት መክፈል ጥፋትን እንደማመን ይቆጠራል፤ «ልክፈልና በኋላ እከራከራለሁ» አይሠራም። ከሁሉ የከፋው ሁለቱንም አለማድረግ ነው። ትንሿ ቅጣት መዘግየት ሲጨመርባት፣ ከዚያ የማስታወቂያና የፍርድ ቤት ወጪ ሲመጣባት ከመነሻዋ ብዙ እጥፍ ትሆናለች፤ ለውጭ ዜጋ ደግሞ በኤርፖርት ወይም በመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ላይ ትጠብቃለች። ሳይቃጠል በቅጠል።

የሚያስኬዱ መከራከሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ ዜብራው እስከማይታይ መደብዘዙ፣ መብራቱ መበላሸቱ፣ ማቋረጫው በግንባታ መዘጋቱ፣ ርቀቱ ደንቡ ከሚለው በላይ መሆኑ፣ ፖሊስ በእጁ ማሳለፉ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቦታ ወይም ስም ስሕተት መሆኑ፣ የአካል ጉዳተኛ ሊጠቀምበት የማይችል ድልድይ ብቻ መኖሩ። «ሌላውም ሰው ይሻገራል»፣ «መኪና አልነበረም»፣ «ቸኩዬ ነው»፣ «ደንቡን አላወቅሁም» የሚሉት ግን ዳኛው በየቀኑ የሚሰማቸውና የማያስኬዱ ናቸው፤ የመጀመሪያው እንዲያውም ጥፋትን ማመን ነው።

አቤቱታው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። የወረቀቱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የሆነው ነገር በቅደም ተከተል፣ ከዚያ ፎቶዎቹ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያሳዩ በአንድ መስመር። ስለ ተቆጣጣሪው ጠባይ ማማረር ከፈለጉ በሌላ ወረቀት ያድርጉት፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ዋናው ነጥብ ይጠፋል። ያቀረቡበትን ቀን የሚያሳይ ማህተም ወይም የመዝገብ ቁጥር ሳይዙ አይውጡ።

አደጋ ከደረሰ

ከማቋረጫ ውጪ ሲሻገሩ መኪና ቢገጭዎት ትልቁ ገንዘብ የሚወሰነው በቅጣት ወረቀቱ ሳይሆን በካሳው ክርክር ነው። ብዙ ተጎጂ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ሆስፒታል እንኳ ሳይሄድ ይበተናል። ይህ ስሕተት ነው። በብዙ አገር ሕግ ጥፋት በድርሻ ይከፈላል፤ አሽከርካሪው ከፍጥነት ገደቡ በላይ ከነበረ ወይም ማየት እየቻለ ካልቆመ የራሱን ድርሻ ይሸከማል፣ የእርስዎ ካሳ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በፈረንሳይ ከ1985 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ እግረኛ ካሳ የሚያጣው ይቅር የማይባል ጥፋቱ የአደጋው ብቸኛ ምክንያት ሲሆን ነው፤ ከ16 ዓመት በታችና ከ70 በላይ የሆኑት ደግሞ ከዚህም በላይ ይጠበቃሉ። በአሜሪካዎቹ አላባማና ሜሪላንድ ግን ተጎጂው ጥቂት ጥፋት ቢኖርበትም ካሳውን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ በቦታው ጥፋተኝነት የሚያምን ወረቀት አይፈርሙ፣ «ተስማማን» ብለው በትንሽ ገንዘብ አይለያዩ። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የምስክሮችን ስልክና በአካባቢው ያሉ የሱቅ ካሜራዎችን ቦታ ይያዙ። ብዙ የካሜራ ቅጂ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በላዩ ላይ ስለሚቀዳበት ቪዲዮው እንዲቀመጥ በጽሑፍ የሚጠየቀው ዛሬ ነው እንጂ ክርክሩ ሲጀመር አይደለም። ሕመም ባይሰማዎትም በዚያው ቀን ይመርመሩ፤ ከሳምንት በኋላ የወጣ የሕክምና ወረቀት ጉዳቱ ከአደጋው መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል።

የደበዘዘ ዜብራ ወይም የማይሠራ መብራት ካገኙ የምሰሶውን ቁጥርና ሰዓቱን ጠቅሰው ለከተማው የመንገድ ክፍል ያመልክቱ፣ የማመልከቻውን ቁጥርም ይያዙ። በዚያ ቦታ በኋላ ለሚቀጣ ሰው፣ ብልሽቱ አስቀድሞ እንደተነገራቸው የሚያሳየው ያ ቁጥር ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል።